ማጠንከሪያ ያልገባበት ሙጫ

ሙጪት አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። የፋብሪካው ሰዎች ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት ሙጫ ስለምትቀቅል ነው፤ ባሏ ግን ሙጫ ባትቀቅልም ስሙ አይቀርላትም ነበር ባይ ነው። እሱ ምን ያድርግ! ከተጋቡ ጀምሮ ያልያዘችበት ነገር የለም። ሲጋራውን ይዛ አስጣለችው። እየነዳ ስልክ ማውራቱን ይዛ፣ በእናቱ አስምላ፣ መሪ ሲጨብጥ ስልኩን እንዲያጠፋ አደረገችው። በመጨረሻ ደግሞ የአውቶቡሱን ፍሬን ያዘች።

ባሏ ሾፌር ነው። ጠዋት ከከተማው ይነሳና ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ቆላ ያለችው ከተማ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ጭኖ ይመለሳል። አውቶቡሱ የራሱ ነው፤ አሮጌ ነው፤ ይወደዋል። ማታ ደጃፍ ላይ ሲያቆመው ፍሬኑ “ሲጢጥ” የሚለውን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የጎረቤት ልጆች “መጣ! መጣ!” ይሉበታል። ሙጪት ግን ድምፁን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ነው እራት የምታቀርበው።

“ሸራው አልቋል እኮ! ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው!” ትለዋለች።

“ኧረ ገና ነው። ይሄ ሰላምታው ነው።”

“እኔ ለማላውቀው ሰው መኪና ሁሉ የፍሬን ሸራ የሚሆን ሙጫ ስቀቅል እየዋልኩ፣ የገዛ ባሌ ገደል ይግባልኝ?”

“ነገ ጋራዥ እወስደዋለሁ አልኩሽ።”

ነገ! የዚህ ሰውዬ ነገ መቼም ነግቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ከደግነቱ የተነሳ ሰው ሲቆጣበት ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የሚያስደስትህን መልስ ይሰጥህና ሥራውን ይረሳዋል። እናቱ “ልጄ ውሸታም አይደለም፤ እውነቱን ቀድሞ ነው የሚናገረው” ይሉታል።

ወደ ሙጪት ሥራ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

የሙጪት ሙጫ ከዛፍ ቅርፊት የሚለቀም አይደለም። ፌኖል የሚባል፣ ሽታው አዲስ የተወለወለ የሆስፒታል ወለል የሚመስል፣ ቆዳ ላይ ካረፈ ግን የሚበላ ነገር አለ። ፎርማሊን የሚባል ዓይን የሚያስለቅስ ሌላ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ ትልቁ የብረት ጋን ውስጥ ይገባሉ፤ ጥቂት አሲድ ጠብ ይደረግባቸዋል፤ ከሥር ይሞቃሉ። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዴ መዋሃድ ከጀመሩ በራሳቸው ጊዜ ይግላሉ፤ እሳቱን ብታጠፋው እንኳ ይንተከተካሉ። ስለዚህ የሙጪት ሥራ ማሞቅ ሳይሆን ማብረድ ነው። አንድ እጇ በጋኑ ድርብ ግድግዳ ውስጥ በሚዞረው ቀዝቃዛ ውሃ መክፈቻ ላይ፣ ዓይኗ ሙቀት መለኪያው ላይ። በዚያ ሰዓት ጠርተሃት አትመጣም። እናቷ ብትጠራትም አትመጣም።

ውሃው ተንኖ ካለቀ በኋላ ሙጫው ሰፋፊ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ሲቀዘቅዝ የማር ቀለም ያለው፣ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ጠርሙስ ከሽ የሚል ነገር ይሆናል። ያየ ሰው ጠነከረ ይላል። አልጠነከረም፤ ጠንካራ መሳይ ነው። ብታሞቀው መልሶ ይቀልጣል፣ ብታቀዘቅዘው መልሶ ይደርቃል፤ እንዲህ ሲቀላምድ ይኖራል። ቁም ነገረኛ የሚሆነው ማጠንከሪያ የሚሉት ነጭ ዱቄት ሲገባበት ነው። ሁለቱ ወፍጮ ውስጥ አብረው ይፈጫሉ፤ ከዚያ ሻጋታ ውስጥ በእሳት ሲጨመቁ አንዴ ይጠነክራሉ፤ ከዚያ ወዲያ እሳት ቢነድባቸው አይቀልጡም። የድስት እጀታ የሚሆነው እሱ ነው፤ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ክዳን እሱ ነው፤ ከቃጫና ከብረት ብናኝ ጋር ተለውሶ የፍሬን ሸራ የሚሆነውም እሱ ነው።

ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ወፍጮ ናቸው። ወፍጮው ሲዞር ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው በአፉ አይነጋገርም። ስለዚህ እሳቸውና ሙጪት አንድ ልማድ ነበራቸው። ማጠንከሪያውን ወፍጮ ውስጥ የጨመረ ሰው ባዶ ከረጢቱን ግድግዳው ላይ ያለችው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ከረጢት ከተሰቀለ፣ ገብቷል ማለት ነው። ካልተሰቀለ፣ ገና ነው። ዱቄቱ ተፈጭቶ ሲወጣ ከረጢቱ ይነሳና ምስማሯ ባዶዋን ትቀራለች። ጭቅጭቅ የለ፣ ጥያቄ የለ። ለዘመናት ሠርቶላቸዋል።

የዚያን ሰሞን ሸራ የሚጨመቅበት ቀን ሲደርስ ሙጪት መጭመቂያው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ ወዳለበት ክፍል ሄደች። ፕሬሱ ላይ የሚሠራውን ሰው ጨቋኙ ይሉታል፤ ከአፉ ክፉ ቃል የማይወጣ፣ ዝንብ እንኳ “እባክሽ” ብሎ የሚያባርር ሰው ነው።

“መጀመሪያ የሚወጣውን ለባሌ ስጠኝ” አለችው።

“እሺ፤ ግን ምድጃ ገብቶ ይብሰል። ነገር ሲጣደፍ አይወድልሽም።”

“ምድጃው በድስት እጀታ ተይዟል አይደል እንዴ? እስኪለቀቅ ባሌ ገደል ውስጥ ይጠብቀኝ?”

“ኧረ እንዲህ አይባልም!” አለ ጨቋኙ ደንግጦ። መቼም ከሙጪት ጋር ተከራክሮ የረታ የለም፤ ሰጣት። እሷም ካርቶን ውስጥ ከታ፣ በሰማያዊ ሲባጎ ጥፍር አድርጋ አስራ ለባሏ አስረከበችው። በማግስቱ ማታ፣ “አስገጠምክ?” አለችው።

“አስገጠምኩ። እጅሽ ይባረክ፤ ፍሬኑ ቅቤ ሆኗል፣ ቅቤ!”

“ታዲያ ለምን ይጮሃል?”

“አዲስ ነዋ፤ እስኪላመድ ነው።”

ይኸው፤ በቃ አረፈች። በሥራ ቦታ ለሰው ሁሉ አወራች። “ባሌ በእኔ ሙጫ ነው የሚቆመው” እያለች ተኩራራች። ማታም “ሲጢጥ” ሲል ጥርሷን መንከሷን ተወች።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። አማቷ ቆላ ያለችውን ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከልጃቸው ጋር በአውቶቡሱ ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሙጪት ትራሳቸውን አስተካክላ፣ ጉንጫቸውን ስማ ሸኘቻቸው። ሥራ ገብታ ጋኑን እያጠበች ሳለ ጨቋኙ እጁን እየጠራረገ መጣ።

“እህቴ ሙጪት፣ ቅር አይበልሽና ዱቄትሽ ዛሬም ሻጋታዬ ላይ ተጣብቆ አስቸገረኝ።”

“ዛሬም ማለት?”

“በቀደም የጀመርኩት ዱቄት ነዋ፤ ለባልሽ ሸራ ያወጣሁበት። ያኔም ሻጋታውን ስከፍተው ልፍስፍስ ብሎ ነበር። ቅባት አጥሮት ነው ብዬ፣ ሻጋታውን አቀዝቅዤ አወጣሁት። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ። ዛሬ ግን ቅባቱን ራሴ ነው የቀባሁት፤ ያው ነው።”

የሙጪት እጅ ከነብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ሲሞቅ ልፍስፍስ። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ። ይህን ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዱቄቱ በርሜል በማንኪያ ቆንጥራ ወደ መሞከሪያው ትኩስ ብረት ሮጠች። ጤነኛ ዱቄት ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ይቀልጣል፤ በማንኪያ ጫፍ ስታማስለው ክር ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ ክሩ ቅጥስ ይልና ሙጫው ደርቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻ እንጂ በማንኪያ አይነካም። ሙጪት አማሰለች። ክር ሠራ። አማሰለች። ክሩ ረዘመ። አማሰለች፤ ላብ ከግንባሯ ወረደ፤ ክሩ አሁንም እንደ ማር ይንዠረገጋል። አይቀጠስም። አይደርቅም። እንደ ሞኝ ዝም ብሎ ይቀልጣል።

“ጋሽ ወፍጮ!” ብላ ጮኸች። “የዚህን ዱቄት ማጠንከሪያ የጨመሩት እርስዎ ነዎት አይደል?”

ጋሽ ወፍጮ ወፍጮውን አጥፍተው መጡ። “እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ! ከረጢቱ ተሰቅሎ አይቼ ነው ያስፈጨሁት።”

“እኔ አልሰቀልኩም! እኔም ተሰቅሎ አይቼ ነው እርስዎ ጨመሩ ብዬ ወደ ጋኔ የተመለስኩት!”

“ታዲያ ማን ሰቀለው?”

 የጋሽ ወፍጮ ፊት ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ጋሽ ወፍጮ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ወለል ላይ የወደቀ ነገር እያዩ ማለፍ ኃጢአት ይመስላቸዋል። ይህ ዱቄት በተፈጨበት ቀን ጠዋት ሲጠርጉ የቀደመው ቀን ከረጢት በር ሥር ወድቆ አግኝተውታል። አራግፈው፣ አጥፈው፣ አሮጌ ልማድ እጃቸውን መርቶት ምስማሯ ላይ ሰቅለውታል። ሰቅለውም ረስተውታል። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ራሳቸው የሰቀሉትን ከረጢት አዩና “ሙጪት ጨምራለች” ብለው ወፍጮውን አዞሩት።

“አላርፍ ያለች ጣት!” አሉና ጋሽ ወፍጮ የገዛ እጃቸውን በሌላው እጃቸው መቱት። “ምን አባቴ ይሻለኛል! ከዚህ ዱቄት የወጣ ሸራ አለ እንዴ?”

“ሌላው ሁሉ ምድጃ ጠብቆ መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድም ከግቢ አልወጣም” አለ ጨቋኙ። ድምፁ ቀጠነ። “ለባሏ የሰጠሁት ብቻ ነው የወጣው። ምድጃ ቢገባ ኖሮ እኮ እዚያው ቀልጦ ይታወቅ ነበር። አጣደፈችኝ…”

አዎ፣ ያጣደፈችው እሷ ናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፍሬን ሸራ ግን አፍሰው የሚለቅሙት ነገር አይደለም። ሙጪት ስልኳን አወጣች። የባሏ ስልክ ዝግ ነው። መሪ ጨብጧላ! በእናቱ አስምላ ያስጠፋችው እሷ፤ ያ ሁሉ ቀጠሮ የሚረሳ ሰው ይህችን አንዲት ነገር አክብሮ ይኖራል። የረዳቱን ስልክ ሞከረች፤ ተራራው ውስጥ ገብተዋል መሰለኝ፣ እሱም አይገኝም። የአማቷን ልትሞክር አሰበችና ስልካቸውን ትራስጌ ረስተውት እንደሄዱ ትዝ አላት።

ጋውኗን ሳታወልቅ ወደ መናኸሪያ በረረች። ጋሽ ወፍጮም ዱቄት እንደነሰነሱ ከኋላዋ።

የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ድምጽ ማጉያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰውዬ ነው። አውቶቡሱ ከወጣ ቆይቷል አላት። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አናት ላይ ሾፌሮች ሁሉ ሞተር የሚያሳርፉባት ሻይ ቤት አለች። “እዚያ ይደውሉልኝ፣ በሚወዱት!” አለችው። ሰውዬው ፊቷን አይቶ ነገር አላበዛም፤ ደወለ። ሙጪት ከንፈሩን ከንፈሩን ታያለች።

“አሁን ገና ወጡ አለች ባለ ሻይ ቤቷ” አላት። “ሻይ ጠጥተው፣ ተሳስቀው ሄዱ። እማማም የዳንቴል ክር ረስተው ተመልሰው ወሰዱ አለች። ምነው፣ ችግር አለ?”

 ሙጪት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን “ፍሬኑ እምቢ ይል ይሆን?” ብሎ በደፈናው ይፈራል። ሙጪት ግን በደፈናው መፍራት አትችልም፤ ሁሉን ነገር ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ፍሬኑ ደህና ይይዛል፤ ሸራው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሸራው የሚፋተገው የጎማው ታምቡር ይሞቃል። ከድልድዩ በላይ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ይግላል። ከዚያ ሸራው ላቡን ማውጣት ይጀምራል፤ ልፍስፍስ ይላል፤ ፔዳሉ እግሩ ሥር ይሰምጥበታል። እሱም “ምን ሆነ?” ይላል። ቀዝቃዛው የሻጋታ ድንጋይ፣ ያ የኮራችበት፣ በራሷ እጅ አስራ የሰጠችው! ባሏ መሪውን ጨብጦ ወደ ኋላ እናቱን ሲያይ ታያት። አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት አለቀሰች።

ጋሽ ወፍጮ አጠገቧ ተቀምጠው የጋውኗን አቧራ ያራግፉላታል፤ የራሳቸው አቧራ እሷ ላይ እየረገፈ።

“ይድረስልኝ እንጂ” አለች ሙጪት፣ “ዳግመኛ አልጨቀጭቀውም። ሲጋራም ያጭስ። ጫማውን አልጋ ላይ ያውጣ። ምንም አልለውም።”

“አምላክ ስእለትሽን ይስማሽ” አሉ ጋሽ ወፍጮ። ባያምኗትም አላሳዩም።

ተቆጣጣሪው ድምጽ ማጉያውን አጥፍቶ ስልኩን ደጋግሞ ይሞክራል። አውቶቡሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሙጪት ትሸማቀቃለች። ጊዜው እንዴት አልገፋ ይል! ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጫፍ ወርዳ እግሯ ላይ ካረፈች በኋላ ስልኳ ጠራ። የባሏ ነው። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ሊወድቅ ሲል ጋሽ ወፍጮ ቀልበው ጆሮዋ ላይ ለጠፉላት።

“ሄሎ! ምነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ደወልሽ? አሁን ደርሰን ስልኬን ብከፍተው…”

“ደረስክ?” አለች። “ቆመሃል? መኪናው ቆሟል? እማማስ?”

“ቆመናል። እማማም ወርደው እየተንጠራሩ ነው። ምን ሆነሻል?”

“ፍሬኑ… ፍሬኑ እንዴት ነው?”

“ፍሬኑማ ቅቤ ነው! እጅሽ ይባረክ አላልኩሽም?”

“ስማኝ!” ብላ ጮኸች። “ያ ሸራ ማጠንከሪያ አልገባበትም! ከጋለ ይቀልጣል! እንዴት እንደተረፋችሁ አላውቅም። መኪናውን እንዳትነቃንቀው! አንድ ጎማ እንዳይዞር!”

 በወዲያኛው ጫፍ ሳል ተሰማ፤ ጉሮሮ የያዘው ሰው ሳል ሳይሆን ነገር የያዘው ሰው ሳል።

“ይሄውልሽ… ሸራው ምንም አልሆነም።”

“ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል!”

“አይ፤ ማለቴ… አልጋለም።”

“ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደህ እንዴት አይግልም? ምን ዓይነት ፍሬን ነው የማይግለው?”

“እኔ እንጃ እንግዲህ…”

ከጎኑ የእናቱ ድምፅ መጣ። “ምን ያጨቃጭቃችኋል በሰው አገር? ወዲህ በለው እስቲ ስልኩን!” አሉና ተቀበሉት። “አቤት ልጄ፣ የምን ሸራ ነው የጠፋው?”

“አልጠፋም እማማ፤ ፍሬኑ ላይ የተገጠመው ነው። በካርቶን የሰጠሁት፣ በሰማያዊ ሲባጎ ያሰርኩት።”

“በሰማያዊ ሲባጎ? ውይ፣ እሱማ ይኸው ከወንበሬ ሥር ነው ያለው! እግሬ ተንጠልጥሎ እንዳያብጥ ብሎ ልጄ ነው ከአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ያስቀመጠልኝ። እግሬን አሳርፌበት ነው የወረድኩት፤ ሲባጎውም አልተፈታ። ምነው፣ ትፈልጊዋለሽ?”

 ካርቶኑ አልተፈታም። ሸራው አልተገጠመም። ይህ ሰውዬ፣ ይህ ነገ የማይነጋለት፣ ዓይኗን እያየ “አስገጠምኩ” ያላት፣ “ቅቤ ሆኗል” ያላት ሰውዬ፣ ዋሽቷታል! ዋሽቷት ተርፏል! መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣባት፤ ከዚያ ልቅሶው፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። ጋሽ ወፍጮ ደንግጠው “ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?” ይላሉ። “አልገጠመውም!” አለቻቸው። “ውሸታም! ሰነፍ! የእኔ ጌታ!” ጋሽ ወፍጮ እንዲህ ተደባልቆ የመጣ ስድብና ምርቃት በዕድሜያቸው አልሰሙም፤ እሳቸውም መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው “ተመስገን” አሉ። ተቆጣጣሪውም ነገሩ ሳይገባው እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጨበጣቸው።

ከዚያ ሙጪት ድንገት ሳቋን ዋጠች። ስልኩ ለባሏ ተመልሶ ነበር።

“ቆይ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ቁልቁለት በምን ወረድክ?”

“በ… በከባድ ማርሽ። ቀስ እያልኩ። በአሮጌው።”

“በዚያ ባለቀው!”

“አዎ” አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረበትም። “ዛሬ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ትንሽ አስፈርቶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ላቤ ነው የመጣው። ልዋሽሽ ፈልጌ አይደለም፤ ያን ዕለት ጋራዡ ዝግ ነበር፤ አስገጠምክ ስትይኝ ፊትሽ በደስታ በርቶ አየሁና… ነገ አስገጥማለሁ፣ ያው ነው ብዬ…”

ስእለቷ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ፈረሰ። “ስማ!” አለች። “እዚያ ከመናኸሪያው ማዶ ጋራዥ አለ። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ የበሰለ፣ የታወቀ ሸራ ገዝተህ ታስገጥማለህ። የእኔን እንዳትነካ! እማማን ስጠኝ። እማማ፣ በሞቴ፣ የመጨረሻዋ ብሎን እስክትጠብቅ ከአጠገቡ አይነሱ።”

“ወንበር አስመጥቼ ነው የምቀመጥበት” አሉ አማቷ።

ከሰዓቱን ሙጪት ፋብሪካ ተመልሳ ዋለች። ማጠንከሪያ ያልበላ ሙጫ አንድ ደግነት አለው፤ ገና ልቡ ስላልደነደነ ይመለሳል። በርሜሉን ገልብጠው፣ ነጩን ዱቄት በሁለት ሰው ዓይን ፊት ጨምረው እንደገና ፈጩት፤ ትኩሱ ብረት ላይ ክሩ ቅጥስ ሲል ጨቋኙ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ጋሽ ወፍጮ ደግሞ ጉጠት አምጥተው ያቺን ምስማር ከግድግዳው ነቀሏት። ከዛሬ ወዲያ ወፍጮው ይቆማል፣ በአፍ ይነገራል፣ በብረት ይሞከራል ተባለ።

ማታ አውቶቡሱ ሳይጮህ መጣ። የጎረቤት ልጆች እንኳ አልሰሙትም፤ ሙጪትም በሩ ሲንኳኳ ነው ያወቀችው። ባሏ ካርቶኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊያድሩ የሄዱት እናቱም፣ “ይህን ሳላይ አላድርም” ብለው አብረው ተመልሰዋል። ሙጪት ልትሰድበው ያዘጋጀችው ነገር ነበር፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ረሳችው።

“እራት ሳይበላ አንድ ነገር አሳይሃለሁ” አለችው። ሲባጎውን ፈታች፣ አንዱን ሸራ አወጣች። ባሏ በጣቱ ቆረቆረው፤ ቋ ቋ አለ። “ይሄ ድንጋይ ነው እኮ! እርግጠኛ ነሽ ግን?” አለ፤ ትንሽ ልቡ ተመልሶለት።

ሙጪት ተቀብላ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። ሦስቱም ቆመው አዩ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ያ የሆስፒታል ወለል ሽታ መጣ። ቀጥሎ የሸራው ጫፍ አንጸባረቀ፣ ላብ አወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ደክሞት እንደሚተኛ ሰው፣ ጎብጦ ምድጃው ላይ ተዘረጋ። በሹካ ስትነካው ክር ሆኖ ተከተላት።

ባሏ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ነጣ። ድልድዩን እያሰበ እንደሆነ ያስታውቃል። በመጨረሻ፣ “ስለዋሸሁሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት” አለ። “አሁን ግን እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅሽ ጠፋኝ።”

“እኔም” አለች ሙጪት፣ “ስላልገጠምከው ልቆጣህ ነበር የጠበቅኩህ።” እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። “ይቅር በለኝ። በራሴ እጅ አስሬ ነው የሰጠሁህ።”

ሁለቱም እንባቸው መጣ። ያን ጊዜ አማትየው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቀረውን ካርቶን በእግራቸው ጎተት አድርገው ወደ ወንበራቸው አመጡና እንደ ጠዋቱ እግራቸውን አሳረፉበት።

“በሉ በቃችሁ” አሉ። “የእሷ ጥፋት ውስጡ ነበር፣ ያንተ ውሸት ሲባጎው ላይ ነበር። እኔ አሮጊቷ የሁለታችሁንም ረግጬ ይዤ ቁልቁለቱን በሰላም ወርጃለሁ። አሁን ያን ምድጃ ጥረጉና እራት ስጡኝ፤ ራበኝ።”